መልስ፦ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ መኪና መሪ እንዲፈጥን

ወንድሜ፣ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በየኩርባው መሪውን ብዙ አዞራለሁ፤ ፒትማን አርሙን (ከመሪው ጥርስ ሳጥን ወጥቶ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ክንድ) በብየዳ ባስረዝመውስ?» ላልከው፦ መሪው ይፈጥናል (ባነሰ ዙር ጎማው ይታጠፋል)፣ ግን በፍጹም አታድርገው። ብየዳው ቁልቁለት ላይ ከለቀቀ መሪ የለህም።

መጀመሪያ መሪውን ብዙ የሚያስዞርህ ልልነት ካለ ከየት እንደሆነ ለይ። ጎማው መሬት ላይ እያለ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ትንሽ ያወዛውዝ፤ አንተ ከስር ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መገጣጠሚያዎች) እና አይድለር አርሙን (ከፒትማን አርሙ ማዶ ያለውን ደጋፊ ክንድ) እይ። የላላውን ሳትቀይር የመሪውን ጥርስ ሳጥን አትንካ። የሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን የሚጠብቀው መሪው ልክ መሃል ላይ ሲሆን ብቻ ነው፣ ጥርሱ የሚጠብበው እዚያ ነውና። ታጥፎ ሳለ ካጠበቅከው መሃል ላይ ይነክሳል፤ ከኩርባ በኋላም መሪው በራሱ አይመለስም። (ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።)

ከዚያ በኋላም ካልበቃህ ሳጥኑን ቀይር። ፓወር (የመሪ ማቅለያ) የሌለው መደበኛው ሳጥን 19 ለ 1 ነው፣ ማለትም ፒትማን አርሙ አንድ ዙር እንዲዞር መሪው 19 ዙር ይፈልጋል፤ በ16 ለ 1 ብትተካው ለዚያው ኩርባ 16 በመቶ ያህል ያነሰ ታዞራለህ፣ ቆመህ ስታዞር ግን ይከብድሃል። የምትገዛው ሳጥን የ1965/66 (እ.ኤ.አ.) መሆኑን አረጋግጥ፤ የ1967ቱ ሳጥን ፒትማን አርሙ የሚገባበት ዘንግ ወፍራም ስለሆነ ፒትማን አርምህ አይገጥመውም። ከመሪው ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ዘንግ ከሳጥኑ ጋር አንድ ወጥ ነው፣ ስለዚህ መሪውን ሳትፈታ አይወጣም። ስትጨርስ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራ፤ ቶ-ኢን (የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ የሚጠጉበት መጠን) 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል።