ኮርነር ላይ ያለ ህንፃ ጓሮ የለውም

እናንተ ወጣት አርክቴክቶች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኮርነር ቦታ ላይ ህንፃ እንድትነድፉ ሲደርሳችሁ ደስታችሁን አያለሁ። ሁለት መንገድ የሚያይ ቦታ በእርግጥ አሪፍ ነው። ግን አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምትስሉት ጥጉን ነው፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት። እኔ ብሆን ከማድ ቤቱ ነበር የምጀምረው።

ሌላው ህንፃ ገመናውን ከኋላ ይደብቃል። ኮርነር ላይ ያለው ግን በሁለት በኩል ፊት ነው፤ በቀሩት ሁለቱ ጎረቤት ተለጥፎበታል። ታዲያ ሰው ልብሱን የት ያስጣ? የምጣዱ እንፋሎት በየት ይውጣ? የበዓሉ በግስ? ካላሰባችሁበት ሁሉም ያማረው በረንዳችሁ ላይ ይወጣል። ሰው ከገባበት በኋላ ሄዳችሁ እዩት፤ ብርድ ልብስ፣ ዲሽ፣ የከሰል ጆንያ። ነዋሪው ላይ አትፍረዱ።

ስለዚህ ከውስጠኛው ጥግ ቁራጭ ግቢ ክፍት ተዉ፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትርም ብትሆን። ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ቦታ እንደሁ ጨለማ ነው። ደረጃውና ማድ ቤቶቹ በግቢዋ ዙሪያ ሲሆኑ ብርሃንም ንፋስም ያገኛሉ። ባለቤቱ "ካሬው ባከነ" ማለቱ አይቀርም። በጠራራ ፀሐይ አምፖል የሚበራበት ደረጃ ወስዳችሁ አሳዩት።

ሁለቱን ፊቶችም አንድ ዓይነት አታድርጓቸው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ በበጋ በደቡብ፤ ለሁለቱም አጭር ከለላ ይበቃል። አስቸጋሪው ምዕራቡ ነው። አስር ሰዓት ላይ ዝቅ ብላ ስትገባ ከላይ የተሠራ ከለላ አያቆማትም። እዚያ መስኮቱን አጥብቡት።

ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር ደግሞ በጊዜ ተቀመጡ። ምድር ወለሉ ላይ የመንገዱ ጎኖች ለሱቅ ክፍት ናቸው፤ የጎረቤቶቹ ጎኖች በብሎኬት የተደፈኑ። አንዱ ወገን ልል፣ ሌላው ግትር ስለሆነ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዲህ ያለ ህንፃ መወዛወዝ ብቻ ሳይሆን ይጠመዘዛል። ደረጃውን ከኋላ በኮንክሪት ግድግዳ ስታጥሩት ይብሳል። በመንገዱ በኩል፣ በሱቆቹ መሀል፣ ጠንካራ ግድግዳ ይግባ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ይህን ለባለቤት ማስረዳት ቀሏል።

ጥጉንማ ምድር ወለሉ ላይ በሰያፍ ቁረጡት፤ እግረኛውም ሾፌሩም ይተያያሉ። ስፔናዊው መሐንዲስ ሰርዳ እ.ኤ.አ. በ1859 ባወጣው የባርሴሎና ፕላን የየብሎኩን ጥግ የቆረጠው ለዚሁ ነው። የሱቁ በርም እዚያ ያምርበታል። የመኪና በሩን ግን ከመገናኛው አርቁት። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳንም በዚያው በር በኩል ይሁን፤ መጣጭ መኪናው ሱቆቹን ሳይዘጋ ቱቦው እንዲደርስ።