ዋጋውን የቆረጠው ማን ነው?

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ያህል በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ። ውሎዬ ከሰው ማህደር ጋር ነበር። ማን ተመሰገነ፣ ማን ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከልጅ ልጄ ጋር ዋን ፒስን ማየት ጀመርኩ። ኢይቺሮ ኦዳ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚስለው የባህር ወንበዴዎች ታሪክ ነው፤ አኒሜው፣ ማለትም የካርቱን ፊልሙ፣ በ1999 ተጀመረ። መጀመሪያ የተቀመጥኩት ለልጁ ብዬ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የራሴን ሥራ አየሁበት።

በዚያ ታሪክ የዓለም መንግሥት የሚፈልገውን ሰው ፎቶ አትሞ፣ ከሥሩ ለሚይዘው የሚከፈል ዋጋ ቆርጦ ይለጥፋል። ሕዝቡም ክፉውን ከደጉ የሚለየው በዚያ ወረቀት ነው። ዋናው ባለታሪክ ሉፊ የሚባል ወጣት የባህር ወንበዴ ነው፤ የመጀመሪያ ወረቀቱ 30 ሚሊዮን ቤሪ ይላል፣ ቤሪ የዚያ ዓለም ገንዘብ ነው። ምን አድርጎ? አርሎንግ የሚባል ወንበዴ የሉፊን ጓደኛ የናሚን መንደር ስምንት ዓመት ሙሉ ግብር አስከፍሏል። ለአዋቂ 100,000፣ ለልጅ 50,000 ቤሪ። መክፈል ያቃተው ይገደላል። የአካባቢው የባህር ኃይል መኮንን ጉቦውን እየበላ ዝም አለ። ሉፊ አርሎንግን ሲጥለው፣ ያው ጉቦኛ መኮንን ለበላዮቹ ሪፖርት አደረገ። ወረቀቱ የወጣው በዚያ ሪፖርት ነው። የአርሎንግ ዋጋ 20 ሚሊዮን ነበር። መንደሩን ነፃ ያወጣው ልጅ ከጨቋኙ በለጠ ማለት ነው።

ምስጋናም እንዲሁ ነው። አላባስታ በምትባል አገር ክሮኮዳይል የሚባለውን ወንበዴ ሕዝቡ እንደ ጀግና ያየዋል፤ እሱ ግን በስውር አገሪቱን እርስ በርስ ያዋጋል። ሉፊ ሲያሸንፈው መንግሥት አፈረና ድሉን ስሞከር ለሚባለው መኮንኑ ሰጠው። ስሞከር አልቀበልም አለ። እንደ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባዱ ነገር ጡጫው አይደለም፤ ያልሠራኸውን ሥራ ሲሸልሙህ እምቢ ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያደረገ ሰው አላጋጠመኝም።

ይበልጥ አንጀቴን የበላችኝ ግን ኒኮ ሮቢን ናት። የተወለደችባት የኦሃራ ደሴት ምሁራን መንግሥት የደበቀውን ታሪክ በማጥናታቸው ደሴታቸው ተቃጠለ። የተረፈችው እሷ ናት፣ በስምንት ዓመቷ። ሌላ ሰው የሰበራቸው ስድስት የጦር መርከቦች በእሷ ተላከኩ። የሕፃን ፊት፣ ከሥሩ 79 ሚሊዮን። ያንን ወረቀት ሳይ ቴሌቪዥኑን አቁምልኝ አልኩት ልጁን። ከዚያ በኋላ ያስጠጋት ሁሉ አሳልፎ ይሰጣታል። ክፉ ናት የተባለች ልጅ የምትጠጋው ክፉዎች ዘንድ ብቻ ሆነ፤ እዚያ ስትገኝ ደግሞ ወረቀቱ እውነት መሰለ። ስም ሰውን እንዲህ ነው የሚሠራው። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ መንግሥት ይዟት ሉፊና ጓደኞቹ ሊያድኗት ሲመጡ፣ ስለ ወረቀቱ አንድም ነገር አልጠየቋትም። መኖር እንደምትፈልግ በአፏ እንድትናገር ብቻ ነው የፈለጉት።

እኛ አገር ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እናንተ ደግሞ የሰው ስም በአንድ ምሽት ቲክቶክ ላይ ሲወጣና ሲወርድ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። ስለ አንድ ሰው ክፉ ስትሰሙ፣ ከመቀባበላችሁ በፊት ይህን ማን ጻፈው፣ ምን ተነክቶበት ነው በሉ። ሲሞገስም ጠይቁ። የእናንተ ስም የጠፋ ቀን ደግሞ ለሁሉም ለማስረዳት አትሩጡ፤ አብረዋችሁ የሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች አይጠፉም፣ እነሱን ያዙ።

ይህን የምላችሁ አንድ ዕዳ ስላለብኝ ነው። በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ነበረች። ማህደሯ ውስጥ አለቃዋ የጻፈባት አንድ መስመር አለ፦ «ከሰው ጋር ለመሥራት አትመችም።» ለእድገት በተወዳደረች ቁጥር ያችን መስመር ገልብጬ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ሦስት ጊዜ እድገቱ አለፋት። ያልተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ላይ አልፈርምም በማለቷ እንደተጻፈባት የሰማሁት ሥራውን ከለቀቀች በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ፈልጌ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ የጻፉት እኮ እርስዎ አይደሉም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ የገለበጥኩት ግን እኔ ነኝ።