ስለ መቆለፊያ መክፈቻ መሣሪያዎች የተጻፉ የቀድሞ መጻሕፍት ይጠቅማሉ? ጥያቄና መልስ

መቆለፊያ በመጠገን ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ፣ ያለ ቁልፍ መክፈቻ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስረዱ አሮጌ መጻሕፍትን በተመለከተ ከአባላት ለቀረቡ ጥያቄዎች እንድመልስ ተጠይቄአለሁ። በር ላይ የሚገጠመውንም ኪስ ውስጥ የሚያዘውንም «ቁልፍ» ማለት ልማዳችን ስለሆነ፣ እዚህ ግን በር ላይ ያለውን «መቆለፊያ» ብዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሮጌ መጽሐፍ እጅዎ ሲገባ አስቀድመው የሚመለከቱት ምንድን ነው?

መልስ፦ የታተመበትን ዓመት ነው። ከዚያም በዚያ ዘመን ሰው ቤቱን በምን ይቆልፍ እንደነበር አስባለሁ። ለምሳሌ ቻርልስ ቶምሊንሰን አዘጋጅቶት በ1853 ለንደን ላይ የታተመው የመቆለፊያ መጽሐፍ በሙያው ስሙ የሚነሣ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በየበራችን የምናየውን፣ ጠፍጣፋ ቁልፍ የሚገባበትን ባለ ፒን ሲሊንደር (በውስጡ ፒን የሚባሉ ትንንሽ ዘንጎች ያሉትን ክብ መቆለፊያ) አሜሪካዊው ላይነስ የል (ከአባቱ ጋር ስሙ አንድ የሆነው ልጁ) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1860ዎቹ ነው። ስለዚህ በዚያ መጽሐፍ የተሣሉት መሣሪያዎች በዋናነት ለሊቨር መቆለፊያ (ቁልፉ በውስጡ ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶችን እያነሣ ለሚከፍተው) እና ለመሰሎቹ የታሰቡ ወፋፍራም ብረቶች በመሆናቸው ወደ ሲሊንደሩ ቀዳዳ እንኳ አይገቡም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አንብቡት ይላሉ?

መልስ፦ የመሣሪያው ቅርጽ ቢያረጅም ምክንያቱ አላረጀምና ነው። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ በ1851 ለንደን በታላቁ ዐውደ ርእይ ሰሞን ቻብ የተባለውን ድርጅት መቆለፊያ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተ፤ ብራማ የተባለው ድርጅት «የከፈተልኝ 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ይወስዳል» ብሎ በመስኮቱ ያስቀመጠውን ደግሞ በ16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ በተሠራ 51 ሰዓት ድል አደረገው። የተጠቀመበት ሐሳብ ቀላል ነበር። በመቀርቀሪያው ላይ ቀለል ያለ ግፊት ሲደረግ፣ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ፍጹም እኩል ተደርገው ሊሠሩ ስለማይችሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጨናነቃል፤ እሱ በቦታው ሲቀመጥ ተራው የሚቀጥለው ይሆናል። አሁን ያለው ሲሊንደርም የሚሸነፈው በዚሁ ነው። ይህን ጠብቆ ያስረዳ መጽሐፍ፣ ሥዕሎቹ ሁሉ ቢጣሉ እንኳ፣ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ በመጽሐፉ ሥዕል መሠረት የመክፈቻ መንጠቆ ብሠራስ?

መልስ፦ ሥዕሉ ልኬት አለው ወይ? ብዙዎቹ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ስፋቱን እንጂ ውፍረቱን አይነግሩም። ወጣት ሳለሁ ከአንድ አሮጌ ሥዕል ላይ ቅርጹን ገልብጬ ከሴጌቶ ምላጭ ሞርጄ ሠራሁ፤ መታጠፊያውን ግን እንደ ሥዕሉ በጣም ስለታም ማዕዘን አደረግሁት። ብረቱ ልክ በዚያ ማዕዘን ተሰብሮ ጫፉ በደንበኛዬ ሲሊንደር ውስጥ ቀረ፣ የሲሊንደሩንም ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ዛሬ ቢሆን መታጠፊያውን ክብ አደርገዋለሁ፣ የሞረዱን ጭረት በአሸዋ ወረቀት አጠፋለሁ፣ ውፍረቱንም በካሊፐር ለክቼ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር እጠጋለሁ። ጭረቱን አትናቁት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ብረት ማጠንከር የሚናገሩት ምዕራፎችስ?

መልስ፦ እነዚህ ከሁሉም በተሻለ ዕድሜ ተቋቁመዋል። ተራ የካርቦን ብረት ግሎ ሲነከር እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፤ ተወልውሎ በቀስታ ሲሞቅ መጀመሪያ እንደ ገለባ ይቢጫል፣ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሰማያዊ ሲሆን እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ተጣጥፎ የመመለስ ባሕርይ ይይዛል። የድሮ ባለሙያ ቴርሞሜትር ስላልነበረው ቀለሙን በጥንቃቄ ጽፎታል፤ ይህም ዛሬ በትንሽ የሥራ ቦታ ለሚሠራ ሰው ከቁጥር ይልቅ ይቀናል።

ጥያቄ፦ ከ40 እና ከ50 ዓመት በፊት ስለታተሙትስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወገቡ የቀጠነ ፒን (ያለ ቁልፍ የሚከፍተውን ለማሳሳት የተሠራ) መኖሩን ያነሣሉ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ሁሉም ፒን ቀጥ ያለ ነው ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ለጀማሪ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሌባ አይማርበትም?

መልስ፦ ይኸው ጥያቄ በ1853ቱ መጽሐፍ ውስጥ ራሱ ተነሥቶ ተመልሷል፤ ሌቦቹ ቀድመው ያውቃሉ፣ የማያውቀው መቆለፊያውን አምኖ የሚገዛው ሰው ነው የሚል ነው። እኔም እስማማለሁ፤ ሆኖም የራሳችሁ ያልሆነውን መቆለፊያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትንኩ፤ መሣሪያውን መያዝ ስለሚከለክል ሕግ ደግሞ በምትኖሩበት አገር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለይዘቱ ከሆነ አያስፈልግም፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት የቅጂ መብት ዘመናቸው ስላለፈ የብዙዎቹ ቅጂ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ነገር ግን ከማውረዳችሁ በፊት ተጣጥፈው የተጠረዙትን ትላልቅ ሥዕሎች ፈልጉ፤ ገጾቹን ፎቶ ያነሣው ሰው ሳይዘረጋቸው ካለፈ፣ ጽሑፉ «ሥዕል ተመልከት» የሚላችሁ ግማሹ በወረቀት እጥፋት ውስጥ ወደ ቀረ መሣሪያ ይሆናል።