8 ከ10፦ የአርሰናልን የ2025 የክረምት ገበያ ከማርቆስ ሆኜ ሳየው

ወንድሜ፣ «ዘንድሮ አርሰናል በገዛቸው ልጆች ረክታችኋል ወይስ በውድ ተገዝቶ የከሸፈው የፔፔ ታሪክ ሊደገም ነው? ከ10 ስንት ትሰጣላችሁ? ማሊያ ላይስ የማንን ስም ላስጽፍ?» ብለህ ጠይቀሃል። ገሚሱ «10 ከ10» ብሎ አልፏል፤ ገሚሱ ደግሞ ከሊቨርፑሉ ሽንፈት በኋላ ንዴቱ ስላልበረደለት «ዜሮ» ብሏል። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። አርሰናልን ከሄንሪ ዘመን ጀምሮ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሆኜ እያየሁ ነው የጎለመስኩት። ስንቱን ክረምት በተስፋ ጀምሬ በንዴት እንደጨረስኩት የሚያውቅ ያውቀዋል።

መልሴን ላስቀድም፤ 8 እሰጣለሁ። 8 ያልኩት ግን በስም ብዛት ሞቆኝ አይደለም። የዝውውር መስኮት ሲዘጋ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ባለፈው ዓመት ዋንጫውን ያሳጣን ቀዳዳ ተደፈነ ወይስ ሌላ ቦታ ላይ ነው ብሩ የፈሰሰው?

እስቲ ያለፈውን ዓመት አስታውስ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ፣ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2024/25 ሊጉን በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፤ ሊቨርፑል 84 ነበረው። የተሸነፍነው አራት ጨዋታ ብቻ ነው። አቻ ግን 14! ጎል ሲጠፋ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ነገሩን የሚለውጥ ሰው አልነበረም። ኦዴጋርድ ገና በመጀመሪያው ወር ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ሳካ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን የኋላ ጭኑ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ገባ። ጥር ላይ የአጥቂው ጄሱስ ጉልበት፣ የካቲት ላይ ደግሞ ሌላው አጥቂ ሃቨርትዝ ዱባይ ልምምድ ላይ። ከዚያ በኋላ አማካዩን ሜሪኖን አጥቂ አድርገን ነው ዓመቱን የጨረስነው። እሱስ ልጁ ይመስገን፣ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አገባልን። ግን ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን እንዲህ አይኖርም። በጥር ገበያ የአስቶን ቪላውን አጥቂ ዋትኪንስን ጠይቀው እምቢ ሲባሉ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የተቀመጡት።

በእርሻ አገር ነው ያደግነውና ይገባሃል፦ ባለ አንድ በሬ ገበሬ መቀናጆ ካልገባ አያርስም፤ ሲገባም የራሱ ማሳ የሚታረሰው የባልንጀራው ሲጨርስ ነው። በ2024 የመዝጊያ ቀን ስተርሊንግን ከቼልሲ በውሰት ስናመጣ የሆነው ይኸው ነው። ቼልሲ የጨረሰበትን ልጅ ወስደን፣ በሊጉ አንድ ጎል እንኳ ሳናይበት መለስነው።

ወጣቶቹ «አርሰናል ሁሌም እንዲህ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። ኧረ ይሄማ ደህናው ነው! በ2011 ፋብሬጋስና ናስሪ ሄደው በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፍንና፣ በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ሰው ከያለበት ተለቀመ። (ከአምስቱ አንዱ የዛሬው አሰልጣኛችን አርቴታ ነው፤ እሱን እንኳ በድንጋጤ ነው የገዛነው።) በ2012 ቫን ፔርሲን ለማንቼ ሸጥንላቸውና በዚያው ዓመት ዋንጫ በላበት። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የ2015ቱ ክረምት ነው። ለዋናው ቡድን በረኛውን ቼክን ብቻ አምጥተው፣ ከበረኛ ውጪ አንድ ሰው ሳይገዙ መስኮቱ ተዘጋ። ያ ዓመት ማንቼም፣ ቼልሲም፣ ሲቲም የደከሙበት ዓመት ነበር። ሌስተር በ81 ነጥብ ዋንጫውን ሲያነሳ እኛ በ71 ሁለተኛ ሆንን። አንድ ደህና አጥቂ ቢገዛ ኖሮ እያልኩ እስካሁን እብሰለሰላለሁ።

ስለ ፔፔ ጠይቀሃል። ልጁን ሰው ያለ ልክ ይረግመዋል። በ2020 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ለኦባሜያንግ ሁለተኛዋን ጎል ያቀበለው እሱ እኮ ነው። የተበላሸው ነገር ሌላ ነው፦ በ2019 ኦባሜያንግና ላካዜት ጎል እያገቡ ነበር፤ የሚያፈሰው ተከላካይ ክፍሉ ነበር። ክለቡ ግን 72 ሚሊዮን ፓውንድ ለክንፍ ተጫዋች አወጣ። በ2023 ውሉን አፍርሶ በነፃ ሸኘው። እንግዲህ ቀዳዳው እዚህ፣ መድፈኛው እዚያ ማለት ይህ ነው። የዘንድሮው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

መጋቢት 2025 ላይ ከአትሌቲኮ ማድሪድ የመጣው አንድሪያ ቤርታ የስፖርት ዳይሬክተሩን የኤዱን ቦታ ከያዘ ወዲህ የመጀመሪያው ክረምቱ ነው። ከሰኔ 24 ጀምሮ ነው የገዛው፦ ኬፓ፣ ዙቢሜንዲ፣ ኖርጋርድ፣ ማዱኬ፣ ሞስኬራ፣ ጊዮኬሬስ። ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት፣ ስድስተኛው ሰው ፈረመ። እኛ የለመድነው በመዝጊያው ማታ ዳታው እየተቆራረጠ የጋዜጠኛውን የፋብሪዚዮ ሮማኖን «ሂር ዊ ጎ» ስንጠብቅ ማምሸት ነበር። ዘንድሮ በመዝጊያው ቀን የቀረን ተከላካዩ ሂንካፒዬ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌቨርኩሰን የመግዛት መብት ባለው ውሰት ነሐሴ 26 መጣ። ሰው ይሄን ይንቀዋል እንጂ ልምምድ ላይ አብሮ የከረመና በመጨረሻው ሰዓት የደረሰ አንድ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ዙቢሜንዲን ነው። 60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጣበት። በ2024 ሊቨርፑል ሲለምነው እምቢ ብሎ እዚያው ስፔን፣ ሶሲዬዳድ የቀረ ልጅ ነው። ፓርቴይ ውሉ አልቆ፣ ጆርጂንሆም ወደ ፍላሜንጎ ሄዶ፣ መሃል ሜዳው ባዶ ሊሆን ነበር። ኳስ ሲቀበል አንገቱን አስቀድሞ ያዞራል፤ እስቲ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሷን ትተህ እሱን ብቻ አምስት ደቂቃ እየው።

ሁለተኛው ተከላካዩ ሞስኬራ ነው። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ስለቀረው ቫሌንሲያ በ13 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለቀቀው፤ 21 ዓመቱ ነው። በዚህ ዋጋ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ደህና ተከላካይ ማግኘት ከባድ ነው። በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ሳሊባ ጨዋታው ሳይሞቅ ተጎድቶ ሲወጣ ይሄ ልጅ ገባና ምንም እንዳልተፈጠረ ተጫወተ። በሽንፈቱ ተናደን አላየነውም እንጂ የዚያ ማታ ምርጡ ነገር እሱ ነበር።

ማዱኬን በተመለከተ ደጋፊው ፊርማ እስከማሰባሰብ ደርሶ ነበር። «ከቼልሲ ትርፍራፊ በ48 ሚሊዮን?» ተባለ። እኔ ያኔም ፊርማውን የተቃወምኩበት ምክንያት ይሄውልህ፦ ሳካ በተጎዳበት ጊዜ የቀኝ ክንፉን የተሸከመው የ17 ዓመቱ ንዋኔሪ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሆኖም ልጅ ነው። ማዱኬ የተገዛው የሳካን ቦታ እንዲነጥቅ አይደለም፤ ሳካ እንዲያርፍ ነው። መስኮቱ ሳይዘጋ ራሱ ሳካ ተጎዳ፣ አንፊልድ ላይም የቀኙን ክንፍ ማዱኬ ይዞ ገባ። ፊርማ ያሰባሰቡት ያን ቀን ማንን ሊያስገቡ ነበር?

ነሐሴ 17ን ግን መቼም አልረሳውም። ፍልሰታ የተፈታ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ከሊድስ ጋር በ1:30። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወረድ ብሎ ያለውን ዲኤስቲቪ ቤት ታውቀዋለህ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኮሜንታተሩ ድምፅ አይሰማም፣ የገባ ሁሉ ጭቃ ጫማውን በር ላይ ይጠርጋል። አዲስ የተገዛው አማካይ ኤዜ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ገብቶ ለደጋፊው ሲታይ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ባላንጣችን ቶተንሃም ጨረስኩ ብሎ ሊያስፈርመው ሲል፣ የሃቨርትዝ ጉልበት በመጎዳቱ እኛ ዘለን የገባንበት ዝውውር ነው፤ 60 ሚሊዮን ፓውንድና ላዩ ላይ የሚጨመር። በ13 ዓመቱ ከአርሰናል አካዳሚ የተባረረ ልጅ በ10 ቁጥር ሲመለስ እንዴት አያስደስትም? ማርቆስ ውስጥ የማውቀው ብቸኛ የቶተንሃም ደጋፊ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ እስከ እረፍት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ አጠገቡ ያሉት ቆሎ ሲያቀብሉት እንኳ እጁን አላወጣም። 5 ለ 0 አለቀ። ጊዮኬሬስ ሁለት፣ ቲምበር ሁለት፣ ሳካ አንድ። የ15 ዓመቱ ዳውማን ገብቶ ፍጹም ቅጣት ምት አስገኘ።

ስለ አዲሱ አጥቂ ጊዮኬሬስ ብዙዎቻችሁ ሞቃችሁ ነው የምታወሩት። ስፖርቲንግ ላይ በሁለት ዓመት 102 ጨዋታ 97 ጎል፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል። የፖርቱጋል ተከላካይና የእንግሊዝ ተከላካይ ግን አንድ አይደለም። ሊድስ ላይ ቦታ አግኝቶ ሮጠ፤ አንፊልድ ላይ ኳስ ሳይደርሰው አመሸ። እኔ ከእሱ የምፈልገው 30 ጎል አይደለም። ተከላካዮችን እየገፋ ለሳካና ለኤዜ ቦታ ከከፈተ፣ 15 ቢያገባም እጄን አነሳለሁ። 14 ቁጥር መልበሱ ግን አልተዋጠልኝም፤ የሄንሪን ቁጥር ለማንም ባይሰጡ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደጎደሉት ሁለት ነጥቦች ልምጣ።

አንደኛው የሽያጭ ነገር ነው። መግዛት ተምረናል፤ መሸጥ ግን ገና ነን። ፓርቴይና ጆርጂንሆ በነፃ፣ ቲየርኒ በነፃ ወደ ሴልቲክ፣ የቶሚያሱ ውል ፈርሶ ተሸኘ። ዚንቼንኮ ወደ ፎረስት፣ ኔልሰን ወደ ብሬንትፎርድ፣ ቪዬራ ወደ ሃምቡርግ፣ ኪዊዮር ወደ ፖርቶ፣ ሁሉም በውሰት። ሊቨርፑልን እየው፤ ዲያዝን ለባየርን፣ ኑኔዝን ለአል ሂላል ሸጦ ነው ቪርትዝንም ኢሳክንም ያመጣው። ኢሳክ ብቻውን 125 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

«ታዲያ ባለቤቶቹ ሀብታም አይደሉም እንዴ፣ ከኪሳቸው ያውጡ» የሚል አለ። ነገሩ እንደዚያ አይሄድም። ፕሪሚየር ሊጉ በ2025/26 አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ገደብ ነበረው። የተጫዋች ዋጋ በሂሳብ መዝገብ ላይ በውሉ ዓመታት ይከፋፈላል፤ 60 ሚሊዮን የወጣበት ልጅ አምስት ዓመት ከፈረመ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ይመዘገብበታል። የተሸጠ ተጫዋች ትርፍ ግን በአንድ ጊዜ ይገባል። በተለይ ከአካዳሚ የወጣ ሲሆን ሙሉ ዋጋው ትርፍ ነው፤ በ2024 ንኬቲያንና ስሚዝ ሮውን የሸጥነው ለዚህም ጭምር ነው። ሂንካፒዬ ዘንድሮ በውሰት መጥቶ ዋናው ክፍያ ወደሚቀጥለው ክረምት የተገፋው በዚሁ ስሌት ይመስለኛል። ስለዚህ ዘንድሮ በነፃ የሸኘነው ሁሉ የሚቀጥለውን ክረምት ያጠበዋል። ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ሁለተኛውን ነጥብ የቀነስኩት በቤርታ አይደለም፣ በአርቴታ ነው። ነሐሴ 25 አንፊልድ ላይ ራይስን፣ ዙቢሜንዲንና ሜሪኖን መሃል ደርድሮ ኤዜን ወንበር ላይ አስቀመጠው። ያስገባው 70ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ያ ጨዋታ ሁለቱም ፈርተው የተጫወቱት ጨዋታ ነበር፤ ሶቦስላይ 83ኛው ደቂቃ ላይ ያን ቅጣት ምት ባይመታ ኖሮ 0 ለ 0 ያልቅና ሁላችንም «ደህና ነጥብ ነው» ብለን እንገባ ነበር። ያለፈው ዓመት 14 አቻ የመጣው እኮ ከዚህ አስተሳሰብም ነው። ያኔ «ሰው የለኝም» የሚለው እውነት ነበር፤ አሁን ያ ሰበብ የለም። ኤዜን የመሰለ ተጫዋች ገዝተህ በትልቅ ጨዋታ ላይ ካላመንከው ቤርታ ምን ያድርግ?

ጓደኞቼ «አንፊልድ ላይ መሸነፍ ያለ ነው፣ ገና ሦስተኛ ጨዋታ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ኦልድትራፎርድ ላይ 1 ለ 0 አሸንፈን ነው የጀመርነው፣ ነጥባችንም ደህና ነው። እኔ ግን ነጥቡን ሳይሆን ጥቅምትና ኅዳርን ነው የምጠብቀው። ቻምፒየንስ ሊጉ ሲደራረብ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሲጎዳ፣ ያኔ አርቴታ ኖርጋርድንና ሂንካፒዬን በድፍረት ያሽከረክራል ወይስ ራይስንና ጋብሪኤልን እስኪወድቁ ያስሮጣቸዋል? የመካከለኛው ሳምንት ጨዋታዎችን እኛ ማታ ወጥቶ ማየቱ እንደ ድሮው አልሆነልንም፤ ጠዋት ውጤቱን ሳይሆን አሰላለፉን አስቀድሜ የማየው ለዚህ ነው።

የማሊያውን ነገር ልርሳው ነበር። የሳካን ወይም የራይስን አስጽፍ፤ አያሳፍሩህም። ከአዲሶቹ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ግን እኛ ሰፈር የሚያትመው ልጅ በፊደል ነው የሚያስከፍለው፣ የጊዮኬሬስን ስም ስትነግረው ሁለት ጊዜ አስደግሞህ ሂሳቡን ይጀምራል። የኤዜ በእንግሊዝኛው ሦስት ፊደል ነው። ማሊያውን ደግሞ በሙቅ ውኃ እንዳታጥበው፣ የኔ 7 ቁጥር ግማሹ ተልጦ 1 መስሏል።