ሱቁን ልዝጋ ወይስ ልግፋበት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አንድ መልክ አላቸው። ቅጥር ትተው የራሳቸውን ሥራ የጀመሩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ወደ ደመወዝ መመለስ ከጅሏቸዋል፤ የሚጽፉልኝ ግን ጥፋት እንደ ሠራ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነው። አንዱማ ደብዳቤውን የጀመረው «ይቅርታ አድርግልኝና» ብሎ ነው። እኔ ምን ቤት ነኝ ይቅር የምለው? እኔም ከዓመታት በፊት አራዳ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቼ፣ በሁለት ዓመት ከአራት ወር ዘግቼ ወደ ቅጥር የተመለስኩ ሰው ነኝ።

«ባንክ ሰባት ዓመት ሠርቼ ወጣሁና ቧንቧ ውሃ አካባቢ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። አምስተኛ ዓመቴ ነው። አሁን አንድ ባንክ በ24 ሺህ ብር ደመወዝ ና ይለኛል። ሱቁ በወር 35 ሺህ ያተርፋል። የሰማ ሁሉ ‹አብደሃል?› ይለኛል፤ እኔ ግን ደክሞኛል።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን 35 ሺህ እንበርብረው። በደብዳቤህ ሁለተኛ ገጽ ላይ ባለቤትህ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ሱቅ እንደምትቀመጥ ጽፈሃል። ደመወዟ የት አለ? በእሷ ቦታ ሰው ብትቀጥር ቢያንስ 6 ሺህ ብር ትከፍላለህ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን የገዛኸው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ነው፤ ነገ ሲሞት በድሮው ዋጋ የሚተካልህ የለም። ለእሱ በየወሩ 5 ሺህ አስቀምጥ። ትርፉ ግብር ያልተነሣለት መሆኑንም ራስህ ነግረኸኛል፤ በግምት 3 ሺህ እናንሳ። የቀረው 21 ሺህ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ እንሂድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ መጣኔው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ከ14 ሺህ በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ከ24 ሺህ ብር ላይ 6,350 ብር ግብር፣ 1,680 ብር ደግሞ የአንተ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። ኪስህ የሚገባው 15,970 ብር ነው።

ስለዚህ «አብደሃል?» የሚሉህ ሰዎች ከ35 ላይ 24 ቀንሰው የ11 ሺህ ብር ልዩነት ያያሉ፤ እውነተኛው ልዩነት ግን 5 ሺህ ገደማ ነው። ለዚያ 5 ሺህ ብር ምን ትከፍላለህ? ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከፍተህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ትዘጋለህ፤ በሳምንት ስድስት ቀን 78 ሰዓት ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመደበኛ ሥራ ጣሪያ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሳምንት 30 ሰዓት ትርፍ ድካም በወር 130 ሰዓት ገደማ ነው፤ 5 ሺው ብር ለዚህ ሲካፈል በሰዓት ከ40 ብር በታች ይወጣልሃል። በዚያ ላይ ቀጣሪው ለጡረታህ 11 በመቶ፣ ማለትም 2,640 ብር፣ ከራሱ ይጨምርልሃል። በመጀመሪያው ዓመትም ቢሆን ደመወዝ የሚከፈልበት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለህ። አንተ ከሱቁ 16 ቀን ብትጠፋ ምን እንደሚሆን አልነግርህም።

ቀን ከሌት የሚያሳስብህ ግን የቤት ጉዳይ መሆኑን ከጽሑፍህ መካከል አንብቤያለሁ። ብዙ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤት መሥሪያ ብድር ይሰጣሉ። ይህ ከደመወዙ ይበልጣል። ስንት ዓመት ካገለገልክ በኋላ፣ በስንት ወለድ፣ ሥራ ብትለቅስ ቀሪው ዕዳ እንዴት ይሆናል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል። አጥጋቢ ከሆነ እኔ ብሆን እሄዳለሁ። «ይመቸዋል» ብዬ ግን አላታልልህም፤ ሰኔ ላይ ሒሳብ ሲዘጋ ባንክ ቤት በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

«ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሁለት የስፌት መኪና አለኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ ፋብሪካ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። ቤቴ ደሴ ነው። ሥራዬ አንዱ ወር ሞልቶ ሌላው ወር ይደርቃል። ደመወዝ አስተማማኝ ስለሆነ ልግባ?»

እኅቴ፣ «አስተማማኝ» የምትለው ቃል ላይ እንነጋገር። የአንቺ ገቢ ወቅት አለው፦ የጥር ሠርግ፣ ዒድ፣ የመስከረም ዩኒፎርም። የሚደርቅበትን ወር ስለምታውቂው ልታስቢበት ትችያለሽ። የፋብሪካው ድርቅ ግን ሳይነግርሽ ነው የሚመጣው። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ለልጁ ሥራ አገኘሁ ብሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የምትሰጠውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ለኢትዮጵያ ዘጋች። ለዚያ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ደንበኛ ሲያጡ ከበሩ ውጭ የቀረው ሠራተኛው ነው።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትገቢ አንቺም ጠይቂ፦ የምትሰፉት ለየት አገር ገበያ ነው? ትእዛዝ እስከ መቼ አላችሁ? የሰርቪስ መኪና ደሴ ድረስ ይመጣል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰልሽ። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን የሐረጎን ዳገት በክረምት ጉም ውስጥ ማታ የወጣ ሰው ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። አሁንም ትመላለሺያለሽ፤ ልዩነቱ ሰዓቱን የምትመርጪው ራስሽ መሆንሽ ነው።

ከገባሽም አንድ ነገር አደራ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀናት ቀጣሪው ካልተስማማሽው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ስለዚህ መኪናዎቹን አትሽጪ፣ የስፌት ቤቱንም ቁልፍ ለአከራይ አትመልሺ። የሁለት ወር ተኩል ኪራይ በባዶ መክፈል ያማል፤ መኪና ሸጦ እንደገና መግዛት ግን የባሰ ያማል።

«ስድስት ዓመት የራሴን ሥራ ሠራሁ። ለቅጥር ስወዳደር ‹የሥራ ልምድ አምጣ› ይሉኛል። ለራሴ ማን ይጻፍልኝ?»

ራስህ ብትጽፈው ማንም አያምንህም፤ ስለዚህ ሌሎች የጻፉልህን ሰብስብ። በየዓመቱ የታደሰውን ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክፍያ ደረሰኞችንና የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚገልጹትን ክሊራንሶች በቅደም ተከተል አያይዝ። ዕቃ ያቀረብክላቸው ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ካሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ ምን እንዳቀረብክ የሚገልጽ ደብዳቤ ለምናቸው። አንዳንድ ቀጣሪ ይህንን ሁሉ አይቶም አይቆጥርልህም። እንዲህ ሲሆን ደመወዙ ላይ ከመሟገት የሥራ መደቡ ላይ ተሟገት፤ በዝቅተኛ መደብ ከገባህ በኋላ መውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል።

«ቅጥር ልገባ ነው። የሸቀጥ ሱቁን ወንድሜ በእኔ ንግድ ፈቃድ ይቀጥልበት?»

አይሆንም። ንግድ ፈቃድ እንደ ጃኬት አይዋስም፤ ሕጉም ይከለክላል። ወንድምህ ቢያተርፍም ቢከስርም ግብሩ የሚመጣው በአንተ ስም ነው። በራሱ ስም ያውጣ። አንተም የራስህን «ተወው» ብለህ መሳቢያ ውስጥ አትጣለው፤ ግብርህን ጨርሰህ ክሊራንስ አውጥተህ በሥርዓት መልስ። ሱቁ ተዘግቶ ፈቃዱ ያልተመለሰ ሰው ከዓመታት በኋላ ያልሠራበት ዘመን ግብር ተቆልሎ ሲጠብቀው አይቻለሁ። እኔ ራሴ ከዚህ የተረፍኩት ባለቤቴ ስለጨቀጨቀችኝ ብቻ ነው።

«የምገባበት ቦታ አለቃዬ የሚሆነው ድሮ ሥራ ያስተማርኩት ልጅ ነው።»

ደህና አድርገህ አስተምረኸዋል ማለት ነው። ግባ።

«ዕድሜዬ 52 ነው። ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. በግል ድርጅት ሠርቼ ጡረታ ሲቆረጥልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእህል ንግድ ላይ ነኝ። አሁን የሒሳብ ሥራ አገኘሁ። በዚህ ዕድሜ ምን ይጠቅመኛል?»

ጋሼ፣ ከጠያቂዎቹ ሁሉ ቅጥሩ በጣም የሚጠቅመው ምናልባት እርስዎን ነው። በዕድሜ ጡረታ ወጥቶ በየወሩ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ያለዎት ሰባት ነው። እንዲሁ በንግዱ ቢቀጥሉ እነዚያ ሰባት ዓመታት ለዘለቄታ አበል አይበቁም። አሁን ገብተው እስከ 60 ዓመትዎ ቢሠሩ ግን ስምንት ይጨመራል፤ 15 ዓመት ይሆናል። ንግዱ ላይ ያለውን ወረት ለልጆችዎ ወይም ለሸሪክ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ዕድሜ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ካመነቱ ሒሳቡ እየጠበበ ይሄዳል።

ከመፈረምዎ በፊት የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ፈልገው ያግኙ፤ የድሮው ድርጅትም የቆረጠውን በእርግጥ ገቢ ማድረጉን ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ያረጋግጡ። ቆርጦ ያላስገባ ድርጅት አልጠፋም። የቅጥርና የመልቀቂያ ደብዳቤዎችዎ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ከሆኑ ዛሬውኑ ያውጧቸው። አዲሱን ቀጣሪም «ጡረታዬ ከመጀመሪያው ወር ይገባል?» ብለው ይጠይቁ፤ ቢያመነታ፣ ያ ሥራ ለእርስዎ አይሆንም።

«ሱቄን ለመዝጋት ወስኛለሁ። የዱቤ መዝገቤ ላይ ብዙ ገንዘብ ሰው እጅ አለ። እንዴት ልሰብስብ?»

ለማንም እንደምትዘጊ ሳትናገሪ። ሱቁ ክፍት እስከሆነ ድረስ ባለ ዕዳው ነገም ስኳር ስለሚፈልግ ይከፍልሻል፤ መዝጋትሽን የሰማ ዕለት ግን መንገድ ይቀይራል። በትንንሾቹ ጀምሪ፣ ትልልቆቹን በሁለት በሦስት ከፍለው እንዲጨርሱ ጠይቂ፤ «ዕቃ ላመጣ ነው» ማለት ያሳፍረኛል ካልሽ «ሒሳብ እየዘጋሁ ነው» በዪ፤ ይህም እውነት ነው። አዲስ ዱቤ ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ለጎረቤትሽም ቢሆን አታውሪ፤ ደሴ ውስጥ ፒያሳ የተወራ ነገር ታክሲው ሳይሞላ ሰኞ ገበያ ደርሶ ይጠብቅሻል።