ሜይ 20 ካለፈ በኋላም ወፍ አለ፤ የት እንደምትሄጂ ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ዲሲ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ወፍ ለማየት ሄጄ ጫካው በቅጠል ስለተሸፈነ ምንም ሳላይ ተመለስኩ፣ የወፎቹ ጉዞ አለቀ ወይ? ለሜሞሪያል ዴይስ ከልጆቼ ጋር የት ብሄድ ይሻላል?» ነው ያልሽው። በጸደይ ወደ ሰሜን የሚያልፉት ወፎች ጉዞ አላለቀም። እንዲያውም እኔ ከዓመቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ተሯሩጦ መነጽሩን ይሰቅልና ዘግይተው የሚያልፉትን ሳያያቸው ይቀራል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዘግይተው ከሚመጡት ውስጥ ለማየት የሚያጓጉት ይበዛሉ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደከበደሽ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ዛፎቹ ገና እያቆጠቆጡ ስለሆነ ዋርብለር የምትባለው ትንሽ ዘማሪ ወፍ ሳትቀር ወለል ብላ ትታያለች። አሁን ግን ዛፉ ሁሉ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ወፏ ደግሞ ጫፉ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ በዚህ ሰሞን በጆሮ ነው የሚኬደው። መርሊን የሚባለውን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ነፃ ነው፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ክፍል የሠራው ነው፣ ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይነግርሻል። ያለሽን ሁሉ ግን አሜን ብለሽ አትቀበዪ። ሞኪንግበርድ የሌሎችን ድምፅ እየቀዳ አፑንም ሰውንም ያሳስታል። አፑ ስም ሲሰጥሽ ወፉን ፈልጊና በዓይንሽ አረጋግጪ።

በዚህ ሳምንት በጆሮሽ የምትፈልጊው ብላክፖል ዋርብለርን ነው። ወንዱ አናቱ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጭ፣ እግሩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ነው። ድምፁ ጺት ጺት ጺት እያለ በዝግታ ይነሳል፣ መሐል ላይ ጎላ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠፋል። በጣም ቀጭን ስለሆነ ዕድሜው የገፋ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ ልጆችሽ ግን ይሰሙታል፣ እነሱን አስቀድሚ። ክብደቱ 12 ግራም አካባቢ ነው። ይህ ወፍ የብርዱን ወራት ደቡብ አሜሪካ አሳልፎ አሁን ወደ ካናዳና አላስካ ጫካዎች እየሄደ ነው። በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ሲመለስ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ተነስቶ አትላንቲክ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሳያርፍ ይበራል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲጠረጠር የኖረ ነገር ነበር፤ ወፎቹ ጀርባ ላይ ትንሽ መሣሪያ አስረው ተከታትለው ነው ያረጋገጡት፣ ጥናቱም በ2015 ታተመ። 12 ግራም የምታህል ነገር ይህን ማድረጓን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ሮክ ክሪክን አትተዪው። ኔቸር ሴንተሩ አጠገብ ያለው የጥገና ግቢ ዳርና ፒክኒክ ቦታ 17 እና 18 ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያርፍባቸውን ዛፎች ተመልከቺ። ነፍሳቱ እዚያ ቀድመው ይሞቃቸዋል፣ ወፎቹም እነሱን ተከትለው ይመጣሉ። ረፋድ ላይ ከሄድሽ ግን ዝም ይላል።

ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆነ እኔ የማስበልጠው አሌክሳንድሪያ ያለውን ሞንቲሴሎ ፓርክ ነው። ስድስት ኤከር ብቻ የሆነ የሰፈር ፓርክ ነው፣ በመኪና ስታልፊ እንኳ ላታስተውዪው ትችያለሽ። መሐሉ ላይ ትንሽ ጅረት አለ። ወፎቹ ለመጠጣትና ገላቸውን ለመታጠብ ከዛፍ ጫፍ ወደ ውኃው ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ያስቸገረሽ ቅጠል እዚያ ብዙ አያስቸግርሽም። ጅረቱ ዳር ፀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላም ይመጣሉ። ስካርሌት ታናጀር፣ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ክንፉ ግን ጥቁር የሆነው ወፍ፣ ደረቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲንፈራገጥ፣ ጠብታው ድንጋዩ ላይ ሲፈናጠር፣ ከዚያ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ላባውን አንድ በአንድ በአፉ ሲጎትት በባዶ ዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። ካናዳ ዋርብለርም እዚያው ይወርዳል፤ ቢጫ ደረቱ ላይ የአንገት ሐብል የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ስላለው ልጆች ቶሎ ይለዩታል።

ማለዳ የምትሄጂበትን ቀን ከአየሩ ጋር አስማሚው። አብዛኞቹ የሚበሩት ሌሊት ነው። ሌሊቱን የደቡብ ነፋስ ከነፈሰ አዲስ ወፍ ይገባል። ሊነጋ ሲል ዝናብ ከያዛቸው ደግሞ ባሉበት ይወርዳሉ፣ እንዲህ ያለ ጠዋት ከተገኘ ሥራም ቢሆን ዘግይቶ መግባት ነው። የሰሜን ነፋስ ከሆነ ተኚ። በርድካስት የሚባለው ድረ ገጽ የአየር ሁኔታ ራዳርን ተጠቅሞ በዚያ ሌሊት ስንት ወፍ በአካባቢሽ እንዳለፈ ይገምታል፤ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ እዪው።

በዚህ አጋጣሚ ሌሊትና ንጋት ላይ መሐል ዲሲ ለምትሠሩ፣ ታክሲና ኡበር ለምትነዱ፣ ፓርኪንግና ሆቴል ለምትሠሩ አንድ ነገር ልበል። በሜይ ማለዳ መስታወት ሕንፃ ሥር የሞተ ወይም የደነዘዘ ትንሽ ወፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። መብራት ይስባቸዋል፣ ከዚያ መስታወቱን ክፍት ሰማይ ወይም ዛፍ መስሏቸው ይጋጩታል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት በመስታወት የሚሞቱት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ነው የተገመተው። ከ2010 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ በማለዳ እየዞሩ የሞተውን የሚመዘግቡ፣ የተረፈውን የሚያነሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የደነዘዘ ካገኛችሁ ቀዳዳ ያለው የወረቀት ከረጢት ወይም ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ ጨለማና ፀጥ ያለ ቦታ አቆዩትና ለዱር እንስሳት መታከሚያ ደውሉ። ውኃ በአፉ አታፍስሱበት። ማታ የማያስፈልግ መብራት ማጥፋት ከቻላችሁ ደግሞ አጥፉ፣ ይህ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ሰማዩንም አትርሺ። በሜይ መጨረሻ ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ ቀጭን፣ ግራጫ፣ ጭራው ጥቁር የሆነ ጭልፊት ክንፉን ሳያርገበግብ ሲንሳፈፍ ካየሽ ሚሲሲፒ ካይት ሊሆን ይችላል። ዋና አገሩ ደቡብ ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሰው የሚኖርበት ሰፈር ዛፍ ላይ ሳይቀር ጎጆ ሠርቷል። የውኃ ተርብና ሲካዳ የሚባለውን ጯሂ ነፍሳት አየር ላይ ይይዝና እየበረረ ይበላል። ካየሽ ኢበርድ ላይ፣ ሰው ያየውን ወፍ የሚመዘግብበት ድረ ገጽ ላይ፣ መዝግቢው፣ እንዲህ ያለውን ብዙ ሰው ይከታተላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለሜሞሪያል ዴይ አንድ ቦታ ብቻ የምትሄጂ ከሆነ ደላዌር ቤይ፣ ደላዌርና ኒው ጀርሲ መሐል ወዳለው የባሕር ወሽመጥ፣ ሂጂ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤይ ብሪጅን ተሻግረሽ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አርብ ማታ ግን ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መኪና ስለሚያግድሽ ማለዳ ውጪ። ሬድ ኖት የምትባለው የባሕር ዳር ወፍ እዚያ የምትገኘው አሁን ነው። መነሻዋ የአርጀንቲናና የቺሊ ደቡብ ጫፍ፣ ቲየራ ዴል ፉዌጎ ነው። መድረሻዋ የካናዳ አርክቲክ። አንዱ መንገድ ብቻ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደላዌር ስትደርስ ስቧ አልቆ፣ ጡንቻዋም ተመናምኖ ነው። ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ክብደቷን ወደ እጥፍ ማድረስ አለባት፣ አርክቲክ ስትደርስ ምድሩ ገና በረዶ ስለሆነ የሚበላ ላይኖር ይችላል። የሚያደልባት የሆርስሹ ክራብ፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ፣ እንቁላል ነው። ክራቦቹ በሜይና ጁን፣ በተለይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ ማታ ባሕሩ ሲሞላ ወደ አሸዋው ወጥተው ይጥላሉ። የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ቀጠሮ አላቸው እንደምንለው የእነዚህም ቀጠሮ እንደዚያው ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የሬድ ኖት አፍ በጥልቀት አይቆፍርም። ክራቡ እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ይሄዳል፤ ሌላ ክራብ መጥቶ እዚያው ሲቆፍር የፊተኛው እንቁላል ወደ ላይ ይወጣል፣ ወፏ የምትለቅመው ያንን ነው። ስለዚህ ክራብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ እጅግ ብዙ መሆን አለበት። በ1990ዎቹ ክራቡ ለዓሣ ማጥመጃ ማባበያ ያለልክ ተሰበሰበ፣ ወፎቹም አብረው ተመናመኑ። በ1980ዎቹ ቤዩ ላይ ከ90,000 በላይ የተቆጠሩበት ጊዜ ነበር፤ በ2021 ከ7,000 በታች ነበሩ። ኒው ጀርሲ በ2008 ክራብ መሰብሰብን አገደች፣ በ2014 መጨረሻ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ወፏን አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር አስገባት። እንዳሁኑ ከቀጠለ ልጆቻችን ትልቅ ሆነው ላያዩዋት ይችላሉ፤ አሁን ውሰጂያቸው የምልሽ ለዚህ ነው።

እኔ የምሄደው ሚልፎርድ አጠገብ ወዳለው ሚስፒሊየን ሃርበርና ስሎተር ቢች ነው። ስኮፕ፣ በእግር የሚቆም ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር፣ ያለው ሰው ካገኘሽ አሳየኝ በይው፣ ማንም እምቢ አይልም። እግራቸውን ተመልከቺ፤ አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ ባለቀለም ባንዲራ ታስሯል። ብርቱካናማ ከአርጀንቲና፣ ሰማያዊ ከብራዚል፣ ቀይ ከቺሊ፣ ነጭ ከካናዳ፣ አረንጓዴ እዚሁ አሜሪካ የታሰረ ነው። ባለፈው ዓመት አንዷን ባለብርቱካናማ ባንዲራ ከቅርብ አይቻታለሁ፤ ሆዷ ተወጥሮ አሸዋውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ግን ራሷን ቀና ሳታደርግ ትለቅማለች። በ1995 አርጀንቲና ውስጥ የታሰረ ቢ95 የሚባል ወፍ እስከ 2014 ድረስ ታይቷል፤ በዕድሜው የበረረው ሲደመር ከዚህ እስከ ጨረቃ ያለውን ርቀት ያልፋል።

ለልጆቹ ሥራ ከፈለግሽ በጀርባው የተገለበጠ ክራብ መገልበጥ ነው። በጭራው አትያዙት፣ ይጎዳል። ከቅርፊቱ ጎንና ጎን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጭራው ያስፈራል እንጂ አይናደፍም፣ አይነክስምም። የወፍ መንጋ ወዳለበት ግን እንዳይሮጡ፤ አንዴ በተነሱ ቁጥር ያጠራቀሙትን ጉልበት ያቃጥላሉ።

ሲደክማቸው ስሚርና አጠገብ ያለው ቦምቤይ ሁክ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። 12 ማይል ያህል በመኪና ትዞሪዋለሽ፣ ወፎቹ መኪናን ብዙ አይፈሩም። ብላክ ኔክድ ስቲልት፣ ጥቁርና ነጭ፣ እግሩ ረጅምና ሮዝ የሆነው፣ ከመኪናሽ ሳትወርጂ ይታያል። ባርን ስዋሎውም ይኖራል፤ አገር ቤት ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዘር ያው ነው፣ የዚህኞቹ ግን ወደ ደቡብ አሜሪካ ነው የሚወርዱት። ዝንቡ ስለሚነክስ መስኮት ዝጊ። ሣር ውስጥ ከገባችሁ ማታ የልጆቹን እግር ለመዥገር ፈትሺ።

ከመነሳትሽ በፊት የስሎተር ቢችን የሃይ ታይድ፣ ባሕሩ የሚሞላበትን፣ ሰዓት እዪ። ባሕሩ ሞልቶ መሸሽ ሲጀምር ወፎቹ ይወርዳሉ። የባንዲራ ጽሑፍ ካነበብሽ ቀለሙንም ያዢና እዚህ ለጥፊው፤ ሪፖርቱን አብረን እንሞላዋለን፣ የት እንደታሰረችም መልስ ይመጣልሻል።