ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባ ይኑራት ብንልስ?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም አትርቅም። ስለ ፓርኪንግና ስለ ቆሻሻ አቤት የምለው ከንቲባ የለኝም። ሁሉም «ካውንቲ ጠይቅ» ነው የሚለኝ፤ ከስቴት በታች ያለውን አስተዳደር ማለታቸው ነው። አጠገባችን ያለችው ታኮማ ፓርክ ግን ከንቲባም ምክር ቤትም አላት። ሰፈራችን ከተማ እንዲሆን ሕጉ ምን ይጠይቃል? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ መፈረም እችላለሁ?

መልስ፦ ከግሪን ካርዱ ልጀምር። እሱ ላይ ስህተት ከተሠራ ማረም ከባድ ነውና። ከተማ ለመመሥረት በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የሚፈርመው በአካባቢው የሚኖር የተመዘገበ መራጭ ነው። ለካውንቲና ለስቴት ምርጫ የሚመዘገበው ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው። ስለዚህ እርስዎ አይፈርሙ። ወዳጅ «ምን ችግር አለው፣ ተመዝገብ» ቢልዎት እንዳይሰሙት። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። ስብሰባ መጥራት፣ ጎረቤት ማስረዳት፣ ካውንቲው ፊት ቀርቦ መናገር ግን መብትዎ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ዓይን ከተማ አይደለችም። በ2020 ቆጠራ 81,015 ነዋሪ ነበራት። ከተማ ብትሆን ኖሮ በዚያ ቆጠራ ከባልቲሞር ቀጥላ በሜሪላንድ ሁለተኛ በሆነች ነበር። ግን የቆጠራ ቢሮው ያሰመረው ድንበር ለቁጥር እንጂ ለአስተዳደር አይሆንም። ፖስታ ቤቱም ከዚያ ድንበር ውጭ ላሉ ብዙ ቤቶች «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል አድራሻ ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካርታ ዘርግቶ «ከየት እስከ የት?» ማለት ነው። ጠብ የሚያስነሳውም ይኸው ነው። ሱቅ የበዛበት መንገድ ውስጥ ከገባ ገቢ ይገኛል፤ ከወጣ መኖሪያ ቤቱ ብቻውን ግብሩን ይሸከማል።

ሕጉ ቢያንስ 300 ነዋሪ ያለው አካባቢ ይጠይቃል። እዚያ ከሚኖሩት የተመዘገቡ መራጮች 25 በመቶው መፈረም አለባቸው። የባለንብረቶች ፊርማ ሲጨመር ይህን ቁጥር ዝቅ የሚያደርግ ሌላ መንገድም አለ። ማመልከቻው ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ይገባል፤ ፊርማውም ይጣራል። አስተባባሪ ኮሚቴው ከተማው ምን አገልግሎት እንደሚሰጥና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት አለበት። ቻርተር፣ ማለትም የከተማው መተዳደሪያ ሕግም ይረቀቃል።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ፊርማው ስለሞላ ብቻ ድምፅ መስጫ አይከፈትም። ካውንቲው ምክንያቱን ገልጾ እምቢ ማለት ይችላል። ከፈቀደ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል፤ የአካባቢው መራጮች አብላጫ ድምፅም ይወስናል።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገርዎት። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያን የመሰለ ከተማ ከካውንቲ ውጭ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከባልቲሞር በቀር ከተማ የሆነ ሁሉ በካውንቲው ሥር ይቆያል። ስለዚህ የካውንቲው የንብረት ግብር እንዳለ ሆኖ የከተማው ይጨመርበታል። ከተማው ተክቶ ለሚሠራው ሥራ ካውንቲው የተወሰነ ገንዘብ ይመልሳል፤ ሸክሙን ግን ሙሉ በሙሉ አያወርደውም። ሱቁን የተከራዩት ከሆነ አከራይዎ ጭማሪውን ወደ እርስዎ ሊያዞረው ይችላል። ትምህርት ቤቱ ግን የካውንቲው እንደሆነ ይቀራል። ቦታው ላይ ምን ይሠራ የሚለውን በዚሁ ካውንቲ ያሉት የሮክቪልና የጌይተርስበርግ ከተሞች ራሳቸው ይወስናሉ፤ ታኮማ ፓርክ ግን ከንቲባ እያላትም ይህ ሥልጣን በአብዛኛው የካውንቲው ነው።

ለእኛ ሰው ትልቁ ነገር ቻርተሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪዋ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ፈቅዳለች። በ2013 ደግሞ ለ16 ዓመት ልጆች ፈቀደች። ሌሎች የሜሪላንድ ከተሞችም ዜጋ ላልሆነ ነዋሪ በር ከፍተዋል። ስለዚህ እርስዎ ማመልከቻው ላይ ባይፈርሙም፣ ቻርተሩ ከፈቀደ የሚወለደው ከተማ መራጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮሚቴ ካቋቋማችሁ ይህችን አንቀጽ ከመጀመሪያው ረቂቅ አስገቧት። በኋላ እናስገባለን ብላችሁ እንዳትተዋት፤ ሁሉም ዜጋ በሆነበት ስብሰባ ትረሳለች።

ለፓርኪንግና ለቆሻሻው ግን ከተማ እስኪመሠረት አይጠብቁ። የካውንቲው ምክር ቤት 11 አባላት አሉት። አንዱ የሰፈርዎ ተወካይ ነው፤ አራቱ ደግሞ የመላው ካውንቲ ናቸው። አምስቱም ሊያዳምጡዎት ይገባል፣ ዜጋ ባይሆኑም። የካውንቲው የአካባቢ አገልግሎት ማዕከልም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አለ። ሱቅ ያላቸውን ጎረቤቶች ይዘው ይሂዱ፤ ፎቶና ቀን ያለበት ማስረጃም ይያዙ።

ሰፈራችሁ ከታኮማ ፓርክ ጋር የሚዋሰን ከሆነ አዲስ ከመመሥረት ወደ እሷ መጠቃለል ሊቀል ይችላል። ይህም የራሱ ፈቃድና ፊርማ አለው። ትክክለኛውን ጎዳና ይጻፉልኝና ድንበሩን አብረን እንየው።